የኤውሮፓ የአየር ጠባይ ሕግና የደጋው ነጋዴ መዝገብ

በሬ ያሳደገ ገበሬ ቆዳውን ለሰብሳቢ ይሸጣል፤ ሰብሳቢው ለጅምላ ነጋዴ፣ ጅምላ ነጋዴው ለፋብሪካ፣ ፋብሪካውም አለስልሶ ለውጭ አገር ገዥ ያስተላልፋል። ቆዳው በዚህ መንገድ አራትና አምስት እጅ ሲያልፍ ክብደቱና ዋጋው በየመዝገቡ ይሰፍራል፤ በሬው በየትኛው ቀበሌ፣ በማን ደጅ እንዳደገ ግን የሚጽፍ የለም። እስከ ዛሬ የጠየቀ አልነበረምና መጻፉ እንደ ከንቱ ድካም ይቈጠር ነበር። አሁን ግን ጠያቂ ተነሥቷል። ጠያቂው የኤውሮፓ ኅብረት ሕግ ሲሆን፣ የጥያቄውም ምክንያት የአየር ጠባይ ለውጥ ነው።

በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌ፣ በራቤል ወይም በዓለም ከተማ ሱቁን ከፍቶ የሚውል ነጋዴ፣ በብሩክሰል የሚደረገው የፓርላማ ክርክር ከእርሱ ሚዛን ጋራ ምንም ግንኙነት ያለው አይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ሕጉ ከተጻፈበት አገር ወጥቶ በወደብና በጉምሩክ በኩል ወደ ገበያ መንደራችን የሚመጣበት መንገድ ተከፍቷል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የኤውሮፓ መንግሥታት ምን እንደ ደነገጉ፣ ስለ ምን እንደ ደነገጉ፣ ከድንጋጌውም ውስጥ የትኛው እኛን እንደሚነካና የትኛው እንደማይነካ በቅደም ተከተል እናስረዳለን።

የነገሩ መነሻ

ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅ ዘይትና ከተፈጥሮ ጋዝ የሚወጣው ጢስ፣ በተለይም ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው አየር፣ በሰማይ ላይ እየተከማቸ የምድርን ሙቀት ያግዳል። ወፍራም የመንዝ ዝተት የተከናነበ ሰው የገዛ ገላው ሙቀት እንደማይወጣለት ሁሉ፣ ምድርም ሙቀቷ ታግዶ ከዓመት ወደ ዓመት ትግላለች። ደን ሲመነጠርም በዛፉ ውስጥ ተቋጥሮ የኖረው ካርቦን ወደ አየር ይመለሳል። ከዚህ የተነሣ የዝናቡ ወቅት ይዛባል፤ ድርቁና ጎርፉም ይበረታል።

በከሰል ኃይል ፋብሪካ ማንቀሳቀስን ለዓለም ያስተማረችው እንግሊዝ ናት፤ ሌሎቹም የኤውሮፓ አገሮች ተከተሏት። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 እንግሊዝ በከሰል ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን የመጨረሻ ጣቢያዋን ዘጋች። በነዚህ ሁለት ድርጊቶች መካከል ብዙ ክርክርና ብዙ ሕግ አልፏል።

መጀመሪያ በጢስ ላይ ግብር የጣለችው ፊንላንድ ስትሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1990 ነበር፤ ስዊድን በ1991 ተከተለች። በ1992 በሪዮ ዴ ጃኔይሮ ብዙ መንግሥታት የአየር ጠባይ ስምምነትን ፈረሙ። እንግሊዝ በ2008 የጢስን መጠን በሕግ አስገዳጅነት የሚቀንስ ዐዋጅ አወጣች። በታኅሣሥ ወር 2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2015) በፓሪስ ከተማ የዓለም መንግሥታት ተሰብስበው የምድር ሙቀት ጭማሪ ከ2 ዲግሪ በእጅጉ በታች እንዲሆን፣ ቢቻልም ከ1.5 ዲግሪ እንዳያልፍ ተስማሙ። አገራችን ኢትዮጵያም የዚህ ስምምነት ተካፋይ ናት።

የኤውሮፓ ኅብረት ደግሞ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2019) አረንጓዴ ስምምነት የተባለውን ትልቅ እቅድ አስታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የኅብረቱ የአየር ጠባይ ሕግ እቅዱን ወደ ግዴታ ለወጠው። በዚህ ሕግ መሠረት ኅብረቱ የጢሱን መጠን እ.ኤ.አ. በ1990 ከነበረው በ2030 ቢያንስ በ55 በመቶ መቀነስ፣ በ2050 ደግሞ የሚወጣውንና የሚመጠጠውን ጢስ እኩል ማድረግ አለበት።

የጢስ ፈቃድ አሠራር

ኤውሮፓውያን ይህን ግብ ለመድረስ ከተጠቀሙባቸው ዘዴዎች ዋነኛው ለነጋዴ የማያስቸግር፣ በራሱ በንግድ ቋንቋ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የጢስ ፈቃድ ገበያ አቋቋሙ። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። ኅብረቱ በዓመት ውስጥ ትልልቅ ፋብሪካዎችና የኤሌክትሪክ ጣቢያዎች ሊያወጡ የሚችሉትን የጢስ መጠን በጠቅላላው ይወስናል። ከዚያም ይህን መጠን በቶን ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ቶን ፈቃድ ያወጣል። ፋብሪካው ያወጣውን ጢስ ያህል ፈቃድ በዓመቱ መጨረሻ ማስረከብ አለበት። ጢሱን የቀነሰ ባለፋብሪካ የተረፈውን ፈቃድ ይሸጣል፤ ያልቀነሰው ይገዛል። ኅብረቱም የሚያወጣውን ፈቃድ በየዓመቱ ያሳንሳል፤ ዕቃው ሲያንስ ዋጋው እንደሚወደድ ማንኛውም ነጋዴ ያውቀዋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፈቃዱ በዝቶ ስለ ነበር ዋጋው ረክሶ ቆየ፤ በየካቲት 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2023) ግን የአንድ ቶን ዋጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ100 ዩሮ በላይ ወጣ።

ይህ ዋጋ በኤውሮፓ ከሚሠራው ብረትና ሲሚንቶ ሒሳብ ውስጥ ይገባል። ከዚያ አገር ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴም ከዋጋው ከፊሉ የጢስ ሒሳብ ሊሆን እንደሚችል ማወቅ ይገባዋል።

ሕጉ ድንበር የተሻገረበት ምክንያት

የኤውሮፓ ባለፋብሪካዎች ሲከፍሉ ከቆዩ በኋላ የሚከተለውን አቤቱታ አቀረቡ። «እኛ ለጢሳችን እየከፈልን፣ ምንም ሳይከፍል የሠራው የውጭ አገር ፋብሪካ በራሳችን ገበያ ላይ ዕቃውን አርክሶ ይሸጥብናል» አሉ። ኅብረቱም አቤቱታውን ተቀብሎ የድንበር ካርቦን ሒሳብ የተባለውን ደንብ እ.ኤ.አ. በ2023 አወጣ። ደንቡ የሚመለከተው ሲሚንቶን፣ ብረትና ብረታብረትን፣ አሉሚኒየምን፣ ማዳበሪያን፣ ሃይድሮጅንንና የኤሌክትሪክ ኃይልን ነው። ከኦክቶበር 1 ቀን 2023 እስከ ዲሴምበር 2025 (በእነርሱ አቆጣጠር) ድረስ አስመጪዎች የጢሱን መጠን እንዲያስታውቁ ብቻ ይጠየቁ ነበር፤ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2026) ጀምሮ ግን ክፍያውን የሚያስከትለው ዘመን ተጀምሯል። በዓመት ከ50 ቶን በታች ከነዚህ ዕቃዎች የሚያስገባ የኤውሮፓ ነጋዴ ግን ከደንቡ ነጻ ሆኗል።

ከአገራችን ወደ ኤውሮፓ የሚላኩት ዋና ዋና ዕቃዎች ቡናና አበባ፣ ቅባት እህልና ጥራጥሬ እንዲሁም የቆዳ ውጤት በመሆናቸው ይህ ደንብ በአሁኑ ጊዜ ብዙም አይነካንም። የሚነካን ቀጥሎ የምንገልጸው ሁለተኛው ሕግ ነው።

የደን ሕግና የዕቃ መነሻ

ይህ ሕግ በሰኔ 22 ቀን 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 29 ቀን 2023) የጸና ሲሆን፣ ዓላማው ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ የተመረተ ዕቃ በኤውሮፓ ገበያ እንዳይሸጥ ለመከልከል ነው። በሕጉ የተዘረዘሩት ሰባት ናቸው። እነርሱም ቡና፣ ካካዎ፣ ጎማ፣ የዘንባባ ዘይት፣ አኩሪ አተር፣ እንጨትና የቀንድ ከብት ናቸው። ከነዚህ የሚሠሩ ብዙ ዕቃዎችም ይጨመራሉ፤ በ2023 በወጣው ዝርዝር ውስጥ የከብት ቆዳ አንዱ ነው።

ሕጉ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ዕቃው የተመረተበት መሬት ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2020) በኋላ ከደን የተመነጠረ አለመሆኑ። ሁለተኛ፣ ዕቃው በተመረተበት አገር ሕግ መሠረት የተመረተ መሆኑ። ሦስተኛ፣ ኤውሮፓዊው አስመጪ ይህን መርምሮ ያረጋገጠበትን ቃል በጽሑፍ ማቅረቡ። ለዚህም ማስረጃ የእያንዳንዱ ማሳ ሥፍራ በኬክሮስና በኬንትሮስ ልኬት መታወቅ አለበት። ማሳው ከ4 ሄክታር በታች ሲሆን አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ግን የወሰኑ ዙሪያ መለካት አለበት። ለቀንድ ከብት ደግሞ ከብቱ የኖረበት ሥፍራ ሁሉ ይጠየቃል።

እዚህ ላይ አንባቢው አንድ ነገር ልብ ይበል። ሕጉ ተጠያቂ የሚያደርገው ዕቃውን ወደ ኤውሮፓ የሚያስገባውን ነጋዴ ነው። ሕጉን የጣሰ ድርጅት ለሚቀጣው መቀጮ እያንዳንዱ አገር የሚወስነው ጣሪያ ከዓመታዊ ሽያጩ ከ4 በመቶ እንዳያንስ ታዟል። ይህን የሚፈራ ገዥ ማስረጃውን ከላኪው ይጠይቃል፤ ላኪው ከአቅራቢው፣ አቅራቢው ከሰብሳቢው ይጠይቃል። ሰብሳቢው መልስ ካጣ ገዥው ወደ ሌላ አገር ዕቃ ይዞራል። መነሻው የታወቀና ያልታወቀ ቡና በአንድ ጆንያ ከተደባለቀም የታወቀው ባልታወቀው ምክንያት ይወድቃል።

ከዚህ ቀጥሎ ለአካባቢያችን ነጋዴ የሚጠቅመውን ልዩነት እንገልጻለን። በግና ፍየል በሕጉ ዝርዝር ውስጥ የሉም። እንግዲህ የመንዝ በግ ቆዳና ሱፍ፣ ከሱፉም የሚሠራው ባናና ዝተት ከዚህ ሕግ ውጭ ናቸው። ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ማሾ፣ ሰሊጥና ማርም እንደዚሁ አልተነኩም። የበሬና የላም ቆዳ ግን ተነክቷል። ሁለቱን ቆዳ በአንድ መጋዘን ከምሮ በአንድ ደረሰኝ የሚሸጥ ነጋዴ፣ ያልተጠየቀውን ከተጠየቀው ጋራ አጣብቆ ራሱን ያስቸግራል።

የኤውሮፓ ፖለቲካ ውዝግብ

ከዚህ በላይ የተገለጸው የደን ሕግ መጀመሪያ በዲሴምበር 2024 ሥራ ላይ እንዲውል ታስቦ ነበር። ቀኑ ሊደርስ ሲል በአንድ ዓመት ተራዘመ። በ2025 መጨረሻ ደግሞ እንደገና ተራዝሞ፣ ለትልልቅና ለመካከለኛ ድርጅቶች ታኅሣሥ 21 ቀን 2019 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 30 ቀን 2026)፣ ለትንንሾቹ ሰኔ 23 ቀን 2019 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2027) ሆኖ ተቀጠረ።

ሁለት ጊዜ የተራዘመ ቀጠሮ የሚያስገርመው የኤውሮፓን ፖለቲካ የማያውቅ ሰው ነው። በነዚያ አገሮች ሕግ የሚያወጣው ሕዝብ የመረጠው ሸንጎ ስለሆነ፣ ወጪው የበዛበት ወገን ድምፁን ሲያሰማ ሕጉ ይላላል። በኖቬምበር 2018 የፈረንሳይ መንግሥት በነዳጅ ላይ ግብር ለመጨመር ቢነሣ፣ ቢጫ ሰደርያ የለበሱ ሰዎች አደባባይ ወጥተው አገሩን አናወጡት፤ ጭማሪውም ቀረ። በ2024 መጀመሪያ ገበሬዎች በትራክተሮቻቸው የብሩክሰልን መንገዶች ዘጉ፤ የኅብረቱም ኮሚሽን የፀረ ተባይ መድኃኒትን ለመቀነስ ያረቀቀውን ደንብ መልሶ ወሰደ። በ2035 አዲስ የሚሸጡ የቤት መኪናዎች ሁሉ ጢስ አልባ እንዲሆኑ የወጣውንም ደንብ ለማላላት ኮሚሽኑ በዲሴምበር 2025 ሐሳብ አቅርቧል።

በሌላ በኩል ደግሞ ወደ ኋላ የማይመለስ ነገር አለ። በዲሴምበር 2019 የኔዘርላንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት መንግሥት ጢስን እንዲቀንስ በዜጎች ክስ ላይ አስገዳጅ ፍርድ ሰጠ። በ2021 የጀርመን የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት የአገሩ የአየር ጠባይ ሕግ ሸክሙን ለመጪው ትውልድ ማስተላለፉን ነቅፎ እንዲሻሻል አዘዘ። በኖቬምበር 2025 ደግሞ የኅብረቱ አገሮች ሚኒስትሮች ጢሱ በ2040 በ90 በመቶ እንዲቀንስ ተስማሙ። ከዚህ ሁሉ የምንማረው ሕጎቹ ፍጥነታቸው ቢለዋወጥም አቅጣጫቸው አንድ መሆኑን ነው። ስለዚህ ቀጠሮው በመራዘሙ ብቻ «ነገሩ ቀርቷል» ብሎ መዝገቡን የሚዘጋ ነጋዴ ይሳሳታል። የተራዘመው ጊዜ ለመዘጋጃ የተሰጠ ነው። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

በደጋው ዘንድ ያለው ጉዳይ

ነጋዴው ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ «የውጭ ሰው ጭንቀት ነው» ብሎ እንዳያልፈው፣ የአየር ጠባይ ለውጥ በራሱ ሱቅ ደጃፍ ያለውን መልክ እንመልከት።

በመንዝና በግሼ ከፍተኛ ቦታዎች የብዙው ገበሬ ኑሮ በበልግ ዝናብ ላይ ተንጠልጥሏል። ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ የሚጥለው ዝናብ ገብሱን ያበቅላል፤ የበጉንም ሣር ያለመልማል። በልግ የሚዘገይበትና የሚቀርበት ዓመት ሲበዛ ጉዳቱ በገበያው ላይ ወዲያውኑ ይታያል። ገበሬው እህል ለመግዛት በጉን ያወጣል፤ ሻጭ በዝቶ ገዥ ስለሚያንስ የበጉ ዋጋ ይወድቃል፤ የእህሉ ዋጋ ይወጣል። ያን ጊዜ ባለሱቁ በዱቤ የሰጠው ዘይት፣ ሳሙናና ጨው ሳይከፈል ይከርማል። ባለሱቁም ለጅምላ አከፋፋዩ የሚመልሰው ያጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 ኤልኒኞ በተባለው የባሕር ሙቀት ምክንያት በአገራችን በደረሰው ድርቅ በተከታዩ ዓመት ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ የምግብ እርዳታ አስፈልጎት ነበር። እንዲህ ባለው ዓመት የንግድ ሥራ ብቻውን ደኅና ሊሆን አይችልም።

ኢትዮጵያ ወደ ሰማይ የምታወጣው ጢስ ከዓለም ጠቅላላ ጢስ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። የኤሌክትሪክ ኃይሏም ከሞላ ጎደል በሙሉ ከውኃና ከነፋስ የሚገኝ ነው። ስለዚህ የደጋው ሰው ያላጨሰው ጢስ ዝናቡን ሲያዛባበት፣ ሌላው ጢሱን ለመቀነስ ያወጣው ሕግ ደግሞ ገበያውን ሲያጠብበት፣ ሁለት ጊዜ ከፋይ ይሆናል። ይህ በግልጽ መነገር ያለበት እውነት ነው።

የጓሳ ምስክርነት

የሆነ ሆኖ፣ የተፈጥሮን ሀብት ለመጠበቅ ሕግ ማውጣት ለአካባቢያችን እንግዳ ነገር አይደለም። በመንዝ ጌራ ምድር ጓሳ የተባለው ከፍተኛ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚጀምርና ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ነው። ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የአስቦና የጌራ ተወላጆች ይህን ሜዳ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። ሕዝቡ በመረጠው አለቃ አማካይነት ሜዳው ለሦስትና ለአምስት ዓመት ያህል ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ በስምምነት ይከፈታል። በተከፈተ ጊዜ ባለ መብት የሆነ ሁሉ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ የሚሆነውን የጓሳ ሣር ያጭዳል፤ ማገዶውንም ይለቅማል፤ ከብቱንም ያሰማራል። ሥርዓቱን የጣሰ ይቀጣል።

ይህ አሠራር ከዚህ በላይ ከገለጽነው የጢስ ፈቃድ ጋራ በመሠረቱ ይመሳሰላል። በሁለቱም ዘንድ የጋራ የሆነው ሀብት መጠኑ ይወሰናል፤ ተጠቃሚው ይታወቃል፤ ጠባቂ ይሾማል፤ አጥፊ ይቀጣል። ልዩነቱ በመንዝ ዘንድ ሕጉን የሚሸከመውና ጥቅሙን የሚያገኘው ያው አንዱ ሰው መሆኑ ነው። ሥርዓቱ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የቆየበትም ምክንያት ይኸው ነው።

በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ከወጣ በኋላ የርስት ሥርዓት ሲፈርስ የቄሮውም ሥልጣን አብሮ ፈረሰ። ጠባቂ ያጣው ሜዳ ለሁሉም ክፍት ሆኖ ተጎዳ። ሕዝቡ ግን ጉዳቱን አይቶ በኮሚቴና በራሱ መተዳደሪያ ደንብ ጥበቃውን እንደገና አቋቋመ፤ በክልሉም መንግሥት ዘንድ በሕግ ታወቀለት። ዛሬ ጓሳ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚታዩበት፣ የምንጮች መፍለቂያ የሆነ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። እንግዲህ መሬቱን ማን እንደሚጠቀምበትና ከመቼ ጀምሮ እንደተጠበቀ የሚያውቅ ሕዝብ፣ ለኤውሮፓ ገዥ የሚሰጠው መልስ አያጣም። የሚጎድለው መልሱ በወረቀት ላይ መስፈሩ ነው።

ወጪው የማን ነው?

በአገራችን ቡና የሚያመርተው አብዛኛው ሰው ማሳው ከአንድ ሄክታር የማይበልጥ ትንሽ ገበሬ ነው። የእያንዳንዱን ማሳ ነጥብ ለመለካት ሰው፣ መሣሪያና ጊዜ ያስፈልጋል። ይህን ወጪ ኤውሮፓዊው ገዥ ካልተካፈለ፣ ላኪው ከሚከፍለው ዋጋ ላይ ይቀንሳል፤ የመጨረሻው ከፋይ ገበሬው ይሆናል። ከዚህም የከፋ ነገር አለ። አንዳንዱ ገዥ መለካቱ ሲያስቸግረው ትንንሾቹን ገበሬዎች ትቶ ከትልልቅ እርሻ ብቻ መግዛት ሊመርጥ ይችላል። ያን ጊዜ ለደን ጥበቃ የወጣው ሕግ፣ ከቡናው ገቢ ያጣውን ገበሬ ወደ ሌላ ሰብልና ወደ ምንጣሮ ሊገፋው ይችላል።

ስለዚህ ነጋዴዎች በንግድ ምክር ቤቶቻቸው አማካይነት ሊጠይቁት የሚገባው፣ ሕጉ እንዲሰረዝ ሳይሆን ወጪው እንዲካፈል ነው። ይህን ለመናገር አመቺ ጊዜ ቀርቧል። እ.ኤ.አ. በ2027 የዓለም መንግሥታት 32ኛው የአየር ጠባይ ጉባኤ በአዲስ አበባ እንዲደረግ በኖቬምበር 2025 ተወስኗል። ገዥዎቻችን ወደ አገራችን ሲመጡ፣ የነጋዴው ቃል በማስረጃ ተደግፎ መጠበቅ አለበት።

አገራችንም በበኩሏ ባዶ እጇን አትቀርብም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ ውጭ በሆነ ኃይል የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ከልክሏል፤ ይህም ኤውሮፓ ራሷ ለ2035 ከቀጠረችው የቀደመ ነው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብም በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። መኪና፣ መለዋወጫና ነዳጅ የሚነግዱ አስመጪዎች ይህ ለውጥ ያስከተለባቸውን ወጪ ያውቁታልና፣ የእነርሱም ልምድ በጉባኤው ሊሰማ ይገባል።

ነጋዴው ምን ያድርግ?

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው ሰው በሚሠራበት ንግድ ቤት የአንድ ዓመት የቆዳ ግዥ መዝገብ ሲገላበጥ፣ በመነሻ ዓምድ ሥር ከገጽ እስከ ገጽ «ከገበያ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ተጽፎ ተገኝቷል። ቃሉ ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን ለማንም ጠያቂ መልስ አይሆንም። መዝገቡን የጻፍሁት እኔው ስለሆንሁ ነቀፌታው በማንም ላይ አያርፍም። ብዙው የአካባቢያችን መዝገብ ይህን የሚመስል ይሆናል ብዬ ስለምገምት የሚከተለውን ሐሳብ አቀርባለሁ።

1ኛ. የከብት ቆዳ ወይም ቡና የሚገዛ ነጋዴ በመዝገቡ ላይ የሻጩን ስም፣ ወረዳና ቀበሌ፣ የግዥውን ቀንና መጠኑን የሚያሰፍር ዓምድ ይክፈት። ይህ ከአንድ መስመር አይበልጥም።

2ኛ. የበግና የፍየል ቆዳን ከከብት ቆዳ ለይቶ ያስቀምጥ፤ ደረሰኙንም ለየብቻ ይቁረጥ።

3ኛ. መነሻው የታወቀውን ዕቃ ካልታወቀው ጋራ አይደባልቅ። በየጆንያውና በየእስሩ ላይ መለያ ቁጥር ያድርግ፤ ቁጥሩም በመዝገቡ ላይ ካለው ጋራ ይስማማ።

4ኛ. ከሰብሳቢ የሚገዛ ከሆነ፣ ሰብሳቢውም ይህንኑ እንዲያደርግ በውል ውስጥ ያስገባ፤ ለተጨማሪው ድካምም ተገቢውን ዋጋ ይክፈል። ያልተከፈለበት ጽሑፍ በግምት እንደሚሞላ የታወቀ ነው።

5ኛ. ላኪ የሆነ ነጋዴ የማሳ ልኬት በእጅ ስልክም ሊወሰድ እንደሚችል ዐውቆ፣ ከገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ጋራ አስቀድሞ ይነጋገር። የመጨረሻው ወር ሲደርስ የሚጀመር ልኬት ለስሕተት የተጋለጠ ነው።

6ኛ. ገዥው ማስረጃ ሲጠይቅ የልኬቱን ወጪ ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ ያስወስን። ማስረጃው ራሱ እንደ ዕቃው ሁሉ ዋጋ ያለው ነገር መሆኑን አይዘንጋ።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቀው ጥቂቱ ነው። የኤውሮፓ መንግሥታት ሕጋቸውን ነገ ቢያጠብቁትም ቢያላሉትም፣ ዕቃው ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ነጋዴ በማንኛውም ገበያ ላይ ከማያውቀው ይሻላል፤ ጥራቱ ሲነቀፍ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይለያል፤ መልካም ሆኖ ሲገኝም ወደዚያው ገበሬ ተመልሶ ይገዛል። የጓሳ ሜዳ ለዘመናት የቆየው ባለመብቱ በስም ስለታወቀ፣ የሚከፈትበትም ቀን ስለተቈረጠ ነበር። የእኛም ንግድ ከበሬው ደጅ እስከ ወደቡ ድረስ ያለውን መንገድ በስምና በቀን ማስፈር ከመጪው የግዥ ወቅት በፊት መጀመር ይገባዋል።